ከሸማኔው ቤት እስከ ቤር ሼቫ፦ የሣር ማጨጃ ታሪክና የልጆቻችን ሥራ

  

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ታሪክ የነገሥታት ወይም የጦርነት ታሪክ አይደለም። የሣር ማጨጃ ታሪክ ነው። አትሳቁ! በከተማችን ከጦሩ የተሰናበተ ብዙ ልጅ አንድ ቀን ቆም ብሎ የሚያስብበት ነገር ነው። የተጠራቀመችለት ፒቃዶን አለች። በ1994 በወጣው የተሰናባች ወታደሮች ሕግ መሠረት ይህችን ገንዘብ ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለሠርግ፣ ለቤት መግዣ ወይም የራሱን ሥራ ለመክፈት ሊጠቀምባት ይችላል። አትክልተኛ ልሁን ብሎ ሲነሳ ታዲያ ሁለት ጥያቄ ይመጣል። አንዱን ራሱ ይጠይቃል፦ «የትኛውን ማሽን ልግዛ? የትኛውንስ መኪና?» ሁለተኛውን ወላጆቹ ይጠይቁታል፦ «ሱዳንን በእግራችን አቋርጠን የመጣነው አንተ የሰው ሣር እንድታጭድ ነው ወይ?»

ሁለተኛው ጥያቄ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ብዙዎቹ አባቶቻችንና እናቶቻችን እዚህ ከመጡ በኋላ በሠራተኛ አቅራቢ ኩባንያ ሥር ሲጠርጉና ሲያጭዱ ኖረዋል። ማሽኑም የሌላ ሰው፣ መኪናውም የሌላ ሰው፣ በመኪናው ላይ የተጻፈው ስምም የሌላ ሰው ነበር። እንዲህ የኖረ አባት ልጁ ያንኑ ሥራ ሲጀምር ቢከፋው አይፈረድበትም። እኔ ግን ሁለቱንም ጥያቄ የሚመልስ አንድ ታሪክ አለ እላለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሸማኔና ብረት የወለዱት ማሽን

ከ1830 በፊት በእንግሊዝ አገር የሀብታም ግቢ ሣር የሚታጨደው ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ ነበር። ሠራተኞቹ ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ ተሰልፈው ያጭዳሉ፣ ሴቶችና ልጆች ከኋላ እየተከተሉ ይሰበስባሉ። ያን ያህል ሠራተኛ መክፈል የማይችል ሰው በጎቹን ያሰማራበታል። አጭርና ለስላሳ ሣር የሀብት ምልክት የሆነው ለዚህ ነው።

በዚያ ዘመን ስትራውድ በተባለች ከተማ አጠገብ ኤድዊን በርድ በዲንግ የሚባል መካኒክ ነበር። አካባቢው የሱፍ ጨርቅ የሚሸመንበት ነው። በሽመና ፋብሪካዎቹ ውስጥ ጨርቁ ካለቀ በኋላ በፊቱ ላይ የሚቀረውን ፀጉር እየተሽከረከረ የሚላጭ ማሽን ነበር። በዲንግ ይህን አይቶ «ጨርቅ የሚላጭ ሣርስ ለምን አይላጭም?» ብሎ አሰበ። በነሐሴ 1830 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የመጀመሪያው ማሽን ከብረት የተሠራ፣ በእጅ የሚገፋ፣ 48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት የሚያጭድ ነበር። ሰው እንዳይስቅበት በሌሊት ይሞክረው ነበር ይባላል። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ የለንደኑ የአራዊት መጠበቂያ ነው። በዲንግ ለሌላም ነገር ይታወሳል፤ አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ የሠራ ሰው ነው። ዛሬ በእያንዳንዱ አትክልተኛ የዕቃ ሣጥን ውስጥ አንድ አይጠፋም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ማሽን የተወለደው ከሸማኔ ቤትና ከብረት ሠሪ እጅ ነው። የእኛ አባቶችስ ምን ነበሩ?

በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ክርስትና ያልተቀበለ ርስት እንዳይወርስ ካወጁ ወዲህ ቤተ እስራኤል መሬት አጡ። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ይኖራል። ስለዚህ በወገራና በደምቢያ፣ በሰሜንና በጎንደር ዙሪያ ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ዶማውን፣ መጥረቢያውን ለጎረቤት ገበሬ የሚሠሩለት እነሱ ነበሩ። ገበሬው ግን ማረሻውን ተቀብሎ ሲያበቃ «ቡዳ» ብሎ ይሰድባቸዋል። ያለ እነሱ ብረት አንድ ትልም አያርስም፣ አብሯቸው ግን ማዕድ አይቆርስም። መሬት ለአራሹ የሚለው አዋጅ በመጋቢት 1975 እስኪወጣ ድረስ በሕግ የራሳቸው የሆነ መሬት የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ አንድ አባት ልጁን «የብረት ሥራ ውርደት ነው» ሲለው፣ የሚናገረው ያ የድሮው ጎረቤት ነው እንጂ የእኛ ታሪክ አይደለም። የእኛ ታሪክ ወናፍ፣ መዶሻና ጉጠት ነው። ውርደቱ ከሥራው ሳይሆን ሥራውን ከሚያይ ዓይን የመጣ ነበር። የማጨጃ ምላጭ ስሎ፣ መሐሉን በምስማር ላይ ሰቅሎ ወደየትኛው ጎን እንደሚያደላ የሚያይ ልጅ የአያቱን ሥራ ነው የሚሠራው። ምላጩ ሚዛኑን ከሳተ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩም ቶሎ ያልቃል። ምላጩ ከደነዘ ደግሞ ሣሩን አይቆርጥም፣ ይቦጭቀዋል፤ በማግስቱም ጫፉ ይነጣል። አያቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሁለት ቆርቆሮዎች

የበዲንግ ማሽን እያደገ ሄደ። በ1832 ራንሶምስ የተባለ የኢፕስዊች ፋብሪካ በፈቃድ ያመርተው ጀመር። ቆይቶ በፈረስ የሚጎተት መጣ፤ የፈረሱ ኮቴ ሣሩን እንዳይጎዳ የቆዳ ጫማ ያጠልቁለት ነበር። በ1890ዎቹ በእንፋሎት የሚሠራ ተሞከረ። በ1902 ያው ራንሶምስ በቤንዚን የሚሠራ ማጨጃ ለገበያ አቀረበ። ይህ ሁሉ ግን እንደ በርሜል የሚሽከረከሩ ምላጮች ያሉት፣ እንደ መቀስ የሚቆርጥ ዓይነት ነው። አጭርና ለስላሳ ሣር ላይ ያምራል። ረጅም ሣር፣ ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ ሲገጥመው ግን ይሰናከላል።

በ1952 በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ መርቪን ቪክተር ሪቻርድሰን የሚባል ሰው ሌላ ነገር ሠራ። ልጁ በዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ሣር እያጨደ ገንዘብ ያገኝ ነበር። አባትየው ለልጁ ሥራ የሚሆን ቀላል ማሽን ሲፈልግ፣ ከወዳደቀ ብረት፣ ከትንሽ ሞተርና የቤንዚን ጋን ሆኖ ከሚያገለግል የኮክ ቆርቆሮ በአግድም የሚሽከረከር ምላጭ ያለው ማጨጃ ገጣጠመ። ቪክታ ተብሎ ተሸጠ፣ አገሩንም ሞላው። በአግድም የሚሽከረከር ማሽን ከዚያ በፊትም ነበር፤ ሪቻርድሰን ግን አቅልሎና አርክሶ ከተራ ሰው እጅ አደረሰው። እንግዲህ ይህ ማሽን የተሠራው አንድ አባት ልጁን «ይህ ሥራ አይመጥንህም» ከማለት ይልቅ የተሻለ መሣሪያ ልሥራለት ስላለ ነው።

ሁለተኛው ቆርቆሮ በአሜሪካ በሂዩስተን ነው። ጆርጅ ባላስ ከግሪክ የመጡ ስደተኞች ልጅ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮሪያ በአየር ኃይል ቦምብ ጣይ ሆኖ አገልግሏል። በ1971 መኪና ማጠቢያ ውስጥ የሚሽከረከሩትን ብሩሾች አየና ቤቱ ሲገባ የፈንዲሻ ቆርቆሮ በስቶ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር አስገብቶ አሽከረከረው። ከዛፍ ሥርና ከግድግዳ ጥግ ሣር የሚቆርጠው፣ እኛ እዚህ «ኸርሜሽ» የምንለው በክር የሚያጭድ መሣሪያ እንዲህ ተጀመረ። የስደተኛ ልጅ፣ የቀድሞ ወታደር፣ አንድ ቆርቆሮ። ከዚህ በላይ ለእኛ ልጆች የሚቀርብ ታሪክ ከየት ይመጣል?

አንድ ሌላም ልጨምር። ዛሬ በማጨጃና በመጋዝ የሚታወቀው የስዊድኑ ሁስክቫርና በ1689 የተመሠረተው የንጉሡ ጠብመንጃ ፋብሪካ ሆኖ ነው። በ1995 ያለ ሰው የሚያጭድ፣ በፀሐይ ኃይል የሚንቀሳቀስ ማሽን አወጣ። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተናገረውን የምታውቁ ሁሉ ይገባችኋል።

የአብርሃም ዛፍና የሐጼሪም ጠብታ

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ከላይ ያየናቸው ማሽኖች በሙሉ የተወለዱት ሣር በሚበቅልበት አገር ነው። ቤር ሼቫ ግን በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ነው የምታገኘው። ጎንደር ከ1000 በላይ ታገኛለች። ይህን ሳያስብ ማሽን የሚገዛ ሰው የክረምት ካፖርት ይዞ ቆላ እንደሚወርድ ነው።

የዚህች ከተማ የመጀመሪያው አትክልተኛ አባታችን አብርሃም ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 21 እንደሚነግረን በጉድጓድ ውኃ ምክንያት ከአቢሜሌክ ጋር ክርክር ነበረው፤ ሰባት በጎች ለይቶ ቃል ኪዳን አደረገ፤ ከዚያም በቤርሳቤህ ዛፍ ተከለ። በዕብራይስጡ ኤሼል ይባላል፤ ጨው የሚችል፣ ሥሩ ጥልቅ የሆነ የበረሃ ዛፍ ነው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ ስምምነቱ፣ በመጨረሻ ተክሉ። በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን የቤር ሼቫን ጥንታዊ ኮረብታ የጎበኘ ሰው በበሩ ላይ ያለውን ጥልቅ ጉድጓድ አይቷል። እዚህ አገር ከውኃ በፊት ምንም የለም።

ከከተማችን በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ኪቡጽ ሐጼሪም አለች። በ1946 የዮም ኪፑር ጾም በተፈታበት ሌሊት በኔጌቭ ከተተከሉት 11 ሰፈሮች አንዷ ናት። መሬቷ ጨዋማ ስለነበር ነዋሪዎቿ ብዙ ተቸገሩ። ስምሐ ብላስ የሚባል በዋርሶ የተወለደ የውኃ መሐንዲስ በ1930ዎቹ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፤ ከሌሎቹ ዛፎች ተለይቶ የገዘፈ ዛፍ አየና ምክንያቱን ሲፈልግ ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ አገኘ። ፕላስቲክ ከተስፋፋ በኋላ ከልጁ ጋር ሆኖ ሐሳቡን በሥራ ላይ አዋለ፤ በ1965 ከሐጼሪም ጋር ተስማምቶ ኔታፊም ተመሠረተ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው የጠብታ መስኖ የተነሣው ከቤታችን አጠገብ ነው ማለት ነው።

ይህ ለአትክልተኛው ምን ይነግረዋል? በቤር ሼቫ የሥራው ጌታ ማጨጃው ሳይሆን ቧንቧው መሆኑን ነው። በ2008 እና በ2009 ድርቁ ሲጠና፣ በ2009 ክረምት (እኛ እዚህ በጋ የምንለው) በውኃ ላይ የድርቅ ቀረጥ ተጣለ። ቀረጡ ብዙ ሳይቆይ ተነሣ፣ የባሕር ውኃ ማጣሪያዎችም በዙ፤ የሰዉ ልማድ ግን ተለወጠ። ብዙ ግቢ ሣሩን ነቅሎ ጠጠር፣ የበረሃ ተክል ወይም የፕላስቲክ ሣር አደረገ። ስለዚህ ገንዘቡን በሙሉ በአንድ ትልቅ ማጨጃ ላይ የሚያፈስ ልጅ ያለፈውን ዘመን ነው የሚገዛው። ከፊሉን ለአጥር መከርከሚያ፣ ለመግረዣ መጋዝ፣ ለጠብታ ቧንቧና ለመጋጠሚያዎቹ ያስቀምጥ።

ሰርዶና ኪኩዩ

ማሽን ከመምረጥህ በፊት ሣሩን እወቅ። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚገጥሙን ሁለት ሣሮች ናቸው፤ ደስ የሚለው ሁለቱንም እናውቃቸዋለን። አንዱ ሰርዶ ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችውን አህያ ማን የማያውቅ አለ? ያው ሰርዶ እዚህ «ያብሊት» ተብሎ ይረገማል፤ የተሻሻሉ ዝርያዎቹ ግን በኳስ ሜዳና በግቢ በክብር ይተከላሉ። ሁለተኛው ኪኩዩ ነው። ስሙን ያገኘው ከኬንያው ሕዝብ ነው፤ የትውልድ ቦታው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ስለሆነ በኢትዮጵያም ይበቅላል። እንደ እኛው ከደጋ ወርዶ በረሃ የገባ ሣር ነው ማለት ይቻላል!

ሰርዶ ደቃቅ ስለሆነ አጥሮ መታጨድን ይችላል። የበርሜል ምላጭ ያለው ማሽን የሚያምረው በእሱ ላይ ነው። ነገር ግን በየጥቂት ቀኑ መታጨድ፣ መሬቱም ድንጋይ የሌለው መሆን አለበት። በየሁለት ሳምንቱ የሚጠራህ የፎቅ ቤት ቫድ እንዲህ ያለ ሣር የለውም። ኪኩዩ ደግሞ ወፍራምና ድርብርብ ነው፤ ደካማ ሞተር ያንቃል። ለእሱ ጠንካራ ባለ አራት ምት ሞተር ያለው፣ ራሱ የሚራመድ፣ በአግድም የሚያጭድ ማሽን ያስፈልጋል። የ53 ሴንቲ ሜትር ስፋት ለብዙው ግቢ ይበቃል። ከዚያ የሰፋው በጠባብ በር አይገባም። የትኛውንም ሣር ስታጭድ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጥ፤ በሐምሌ ሐሩር በጣም ያጠርከው ሣር ይቃጠላል።

አቧራውን አትርሳ። የኔጌቭ አፈር እንደ ዱቄት የላመ ነው። የአየር ማጣሪያውን በየሥራው ቀን መጨረሻ ክፈተውና እየው። ማሽን ስትመርጥም «ማጣሪያው ያለ መፍቻ በእጅ ይከፈታል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። መለዋወጫውም እዚሁ በዔሜቅ ሣራ አካባቢ ካልተገኘ የቱንም ያህል ቢረክስ ተወው። የባትሪ ማሽን ዛሬ ጥሩ ሆኗል፤ በትምህርት ቤትና በአዛውንቶች መኖሪያ አጠገብ ድምፁ ዝቅ ያለ መሆኑ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሁሉም መሣሪያህ አንድ ዓይነት ባትሪ ይጠቀም፤ ባትሪውንም በተዘጋና በፀሐይ በሚቆም መኪና ውስጥ አትተወው።

ደግሞም 53 ሴንቲ ሜትር ምላጭ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል። ጠጠር ከዚያ ሲወጣ ጥይት ነው። መነጽርና ጫማ የሌለው ሰው ማሽን አያስነሳ።

መኪናው

የዕቃ መኪናም የራሱ ታሪክ አለው። በ1947 ቤን ፖን የተባለ ሆላንዳዊ ነጋዴ በቮልፍስቡርግ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ የሚያመላልስ ተሽከርካሪ አይቶ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሣጥን የመሰለ መኪና ሣለ፤ ሹፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ ጭነቱ መሐል። በ1950 ፎልክስዋገን ትራንስፖርተር ሆኖ ወጣ። የሐሳቡ ጥበብ ከባዱን ነገር በሁለቱ እግሮች መካከል ማድረጉ ነው። አህያ የጫነ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጭነት ወደ አንድ ጎን ካደላ ወይም ወደ ኋላ ከተንሸራተተ መንገዱ አያልቅም።

እኛም ይህንኑ እናድርግ። ማጨጃው ዝቅ ብሎ መሐል ይቁም፣ ወለሉ ላይ በተበየዱ ቀለበቶች በጠፍር ይታሰር። በሹፌሩና በጭነቱ መካከል የብረት ግድግዳ ይኑር፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ 40 ኪሎ ማሽን ወደ ፊት ይበራልና። ረጃጅም መሣሪያዎች በአንዱ ጎን በመንጠቆ ይሰቀሉ፣ በሌላው ጎን የመጋጠሚያና የመፍቻ መሳቢያዎች ይሁኑ። ቤንዚን በታሸገ ጀሪካን፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ይጫን፤ ጣሪያው ላይ መተንፈሻ ይኑር። የነሐሴ ቀን የተዘጋ መኪና እሳት ነው። የሚጠጣ ውኃና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ። በጦሩ የተማርነው ይህን ነው፤ እያንዳንዱ ነገር ቦታ አለው፣ በጨለማ እጅህን ብትሰድ ታገኘዋለህ። ጠዋት መጀመሪያ የምትፈልገው ማታ መጨረሻ ይጫናል።

ለጀማሪ እንደ ቤርሊንጎና ካንጉ ያለ ትንሽ የዕቃ መኪና ይበቃል። ፈቃድህ «ፓቱር» ይሁን «ሙርሼ» ከመግዛትህ በፊት የሒሳብ ሠራተኛ አማክር። ሙርሼ የሆነ ሰው ለንግድ ሥራው በገዛው የዕቃ መኪና ላይ የከፈለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስመለስ ይችላል፣ ፓቱር ግን አይችልም። በመኪናው ጎን ላይም ስምህን አጽፍ። ይህ ለጌጥ አይደለም። አባቶቻችን ያላገኙት እሱን ነው።

ሰባተኛው ዓመት

በመጨረሻ የማይታለፍ ነገር አለ። በዚህ ምድር አትክልተኛ ብቻውን አይሠራም፤ ምድሪቱም ሰንበት አላት። ያለፈው የሽሚጣ ዓመት በመስከረም 2021 ገብቶ በመስከረም 2022 ወጣ። የሚቀጥለው 5789 ሲሆን በመስከረም 2028 ይገባል። በዚያ ዓመት አዲስ መትከልና መዝራት የለም። ያለው እንዳይሞት ማጠጣትና መጠበቅ ግን ይቻላል፤ ብዙ ረቢዎች ሣር ማጨድንም ለጥበቃ ከሆነ ይፈቅዳሉ። ዝርዝሩን ረቢህን ወይም ቄስህን ጠይቅ። ለኪስህ የምመክርህ ግን ይህን ነው፤ አዲስ ግቢ የማልማት ሥራህን ከዚያ በፊት ጨርስ፣ ለዚያ ዓመት የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ አስቀምጥ፣ የጥገናና የቧንቧ ደንበኛ አብዛ። በየሳምንቱም ዓርብ ከቀትር በፊት ማሽኑ ይጥፋ። አያቶቻችን ሰንበትን በቀጥቃጭ ቤታቸው ያከበሩት እሳቱን አጥፍተው ነው።

ስለዚህ «ሱዳንን በእግራችን አቋርጠን የመጣነው ለዚህ ነው ወይ?» ለምትሉ አባቶቼና እናቶቼ በአክብሮት እመልሳለሁ። በአገራችን ማረሻ ሠርተን መሬት አልነበረንም። እዚህ ልጃችሁ የራሱን ብረት ይዞ፣ በራሱ መኪና፣ አብርሃም ዛፍ በተከለባት ከተማ ምድርን ያለማል። ይህ የሰው ሣር ማጨድ ብቻ አይደለም። ለልጆቻችን ደግሞ የምለው፦ ምላጫችሁ የሰላ፣ ሒሳባችሁ የጸዳ፣ ሰንበታችሁ የተከበረ ይሁን።

የእጃችሁን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክላችሁ። ቸር ይግጠመን።